ኳስ የማይነካው ኳስ ተጫዋች

በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም ጎል አላገባሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ ነው። "ኳስ ተጫዋቹ አንተ ነህ አሉ፤ ለመሆኑ ስንት አገባህ?" ይሉኛል። ዜሮ እላቸዋለሁ። ወዲያው ቅር ይላቸዋል። "ምን ታደርገዋለህ፣ እሱ ያለው ነው" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ያልፋሉ። አንዲት እናት እንዲያውም ዝቅ ባለ ድምፅ "ለዚህ ነው እንዴ ያስወጡህ?" ብለውኛል።

ያስወጣኝስ ጉልበቴ ነው፣ የግራው። ባለፈው ዓመት ዶክተሩ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ሲያይ ቆየና "የምትኖርበት ቤት ደረጃ አለው?" አለኝ። አለው አልኩት። "እንግዲያው ጉልበትህን ለደረጃው አስቀምጠው" አለኝ። እንዲህ ነው ጡረታ የወጣሁት። እማዬ "ጡረታ" ስላት ትስቃለች፤ ሠላሳዎቹን ያልጨረሰ ልጅ ጡረተኛ ሲባል እሷ ገና ሺፍት እየገባች ነው።

ሥራዬን ላስረዳ። እዚህ ካናዳ ፉትቦል የሚሉት በእጅ የሚያዘውን፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለውን ኳስ ነው። የሚወረውረው ልጅ ኳርተርባክ ይባላል። ከፊቱ እንደ እኔ ያሉ አምስት ድልብ ሰዎች ይደረደራሉ። ከማዶ ያሉት ልጁን ሊጥሉት ይመጣሉ፤ አምስቱ አያሳልፏቸውም። አለቀ፣ ሥራው ይኸው ነው። ልጁ ይወረውራል፣ ሌላው ሮጦ ይቀልባል፣ ሕዝቡ ለቀለበው ያጨበጭባል፣ እኛ ደግሞ ሣሩን ከአፋችን እየተፋን እንነሳለን። እኔ የግራው ጫፍ ነበርኩ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ሊወረውር ሲቆም ጀርባው የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ በእኔ በኩል የሚመጣበትን ሰው አያየውም። ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ነው የሚሠራው። ይህችን ያዙልኝ።

ያደግኩት ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ የሚባል ሰፈር ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ የአባቴ ጫማ አይገባልኝም ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት የሰጠንን ሶፋ ተሸክሜ መንገድ ስሻገር የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ አየኝና መኪናውን ፓርክ አድርጎ ወረደ። "ብቻህን ነው የያዝከው?" አለኝ። "አይደለም፣ እናቴ በዚያ ጫፍ አለች" አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሶፋው ጋርዷት ነው እንጂ ነበረች። በማግስቱ ሄልሜት አጠለቀልኝ።

አባቴ የትራክ ሾፌር ነው፤ ግማሹን ሳምንት የሚያሳልፈው የቫንኩቨር መንገድ ላይ ነው። ኢንጂነር እንድሆን ነበር ምኞቱ። እማዬ ደግሞ የፈራችው ለጭንቅላቴ ነው። "ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩትን ጭንቅላት ሄደህ ከሰው ጋር ታጋጨዋለህ?" አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ ቃል ገብቼ ተስማማን፣ ጨረስኩም። ከዚያ ምሥራቅ በኩል ያለ አንድ ቡድን ወሰደኝና ሲዝኑ ሳይጀመር "አይፓድህን ይዘህ ና" ተባልኩ። የጨዋታው ዕቅድ ሁሉ ያለው አይፓዱ ውስጥ ነው፤ ይዘህ ና ካሉህ አይፓዱን ነው የሚፈልጉት፣ አንተን አይደለም። ካልጋሪ ተመልሼ የቤት ዕቃ ማጓጓዝ ጀመርኩ። ደግነቱ እዚህ ሊግ ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ካናዳውያንን የግድ ማሰለፍ አለበት፤ የከተማችን ቡድን አንዱ ልጅ ቢሰበርበት ፓስፖርቴን አየና ጠራኝ። ክንዴን ያዩት በኋላ ነው።

ስለ ደሞዙ አትጠይቁኝ። ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ሚሊዮን ድንበር ማዶ ነው ያለው። እኔ ሲዝኑ ባለቀ ቁጥር ወደ ዕቃ ማጓጓዙ እመለስ ነበር። ሳድል ሪጅ ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ ስልኬን ያውቃል። በዚያ ሰፈር እኔ ያላስገባሁት ፍሪጅ ያለ አይመስለኝም።

ሥራውን ያስተማረኝ ኮች ዋልት ነው። የእኛ የአምስቱ አሠልጣኝ ነበር፣ ራሱም በወጣትነቱ የተጫወተ ሽማግሌ። ጣቶቹ ተሰባብረው ስለዳኑ እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው አቅጣጫ ያያሉ፤ "እዚያ ጋ ቁም" ብሎ ሲጠቁም የት እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑን ማየት ነበረብን። ኪሱ ከሱፍ ፍሬ ተለይቶ አያውቅም። ስሙን ሳይጠራ የሚቆጣው ሰው የለም፣ ስሙን ሳይጠራ የሚያመሰግነውም የለም።

መጀመሪያ ያየብኝ ጥፍሬን ነው። ስንሰለፍ አንድ እጃችንን መሬት እናስነካለን። ለሳምንት ያህል ሲያየኝ ከቆየ በኋላ አጠገቤ ተንበረከከና "ብሩክ፣ ወደ ፊት ልትገፋ ስታስብ እጅህ ላይ ትደገፋለህ፣ ጥፍርህ ሥር ነጣ ይላል። ወደ ኋላ ልትሸሽ ስታስብ ደም ይመለስበታል። እኔ ካየሁት ከፊትህ ያለውም ሰውዬ ያየዋል" አለኝ። እኔ ራሴ ጥፍሬን እንዲህ አይቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ክብደት ማሳረፍ ተለማመድኩ። ጣቶቼን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተክዬ ስለማመድ እማዬ እያየችኝ "ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ጸሎት ነው?" ትለኝ ነበር።

ሌላው ልማዱ ኮፍያው ነው። ጨዋታውን በፕሮጀክተር ስናይ ኮፍያውን አውልቆ ብርሃኑ ፊት ይይዘዋል፤ ኳሱ የሄደበት በኩል ይጨልምና እኛ አምስታችንና ኳርተርባኩ ብቻ እንቀራለን። ኳሱ ተቀልቦ ይሁን መሬት ወድቆ አያሳየንም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ "ልጁ ቆሟል?" ቆሟል እንላለን። "ቀጥሉ" ይላል። ስናሸንፍም ስንሸነፍም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ በሰፊ ልዩነት አሸንፈን እየሳቅን ብንገባ፣ ልጁ ሁለቴ የወደቀበትን አስመርጦ ከሰዓት ሙሉ አሳየን።

እማዬ ግን የምታየው ኳሱን ነበር። በቴሌቪዥን ተከታትላ ስትጨርስ ትደውልልኛለች። "ዛሬም አልሰጡህም?" ትላለች።

"እማዬ፣ እኔ ኳስ አልይዝም። ሥራዬ አይደለም።"

"ለምን? ጥቁር ስለሆንክ ነው?"

"ኳሱን ይዞ የሚሮጠው ልጅ እኮ ጥቁር ነው።"

"እና አንተ ምን አድርገሃቸው ነው?" ትለኛለች። ለቄሱ ሳይቀር ነግራቸዋለች፤ አንድ እሑድ ቄሱ ጠጋ ብለው "ከአለቆችህ ጋር ቅሬታ አለህ እንዴ?" ብለው ጠይቀውኛል። ልጇ እየተበደለ እንደሆነ ነበር የሚሰማት፣ እኔም ማስረዳቱ ሲያቅተኝ ተውኩት።

ሦስተኛው ዓመቴ ላይ የሠራተኞች በዓል፣ ሌበር ደይ ዕለት ከጎረቤት ከተማ ከኤድመንተን ጋር ስንጫወት ሜዳ ድረስ መጣች። ብቻዋን መሰላችሁ? የቤተክርስቲያኑን እናቶች አስከትላ ነው። ከሳድልታውን የከተማውን ባቡር ሲ-ትሬይንን ይዘው፣ ዳውንታውን ቀይረው፣ ነጠላቸው ላይ የቡድኑን ኮፍያ ደፍተው አንድ ረድፍ ሞልተው ተቀመጡ። እኔም ሳያቸው ደስታው አቅበጠበጠኝና ከፊቴ የነበረውን ሰውዬ ከሚገባው በላይ አጥብቄ ያዝኩት። ባላንጣን በመዳፍ ደረቱ ላይ መግፋት ይፈቀዳል፣ ማልያውን ጨምድዶ መያዝ ግን ሆልዲንግ ነው፣ ያስቀጣል። ዳኛው የቅጣት ምልክት የሆነውን ጨርቁን ወረወረ። ማይክሮፎኑን ከፈተና ለሜዳው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ "ሆልዲንግ። ቁጥር ስልሳ ስድስት" አለ።

ስልሳ ስድስት እኔ ነኝ። ቁጥሬ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እናቶች ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ረድፉ በሙሉ ብድግ አለና እልልታውን አቀለጠው።

ሜዳው በአንድ ጊዜ ወደዚያ ዞረ። የያዝኩት ሰውዬ ገና እጄ ውስጥ ነበር። "እነማን ናቸው?" አለኝ።

"እናቴ ናት።"

"ምን አስደሰታት?"

"በስሜ ስለጠሩኝ ነው" አልኩት። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የሚቀጥለው ዙር ሲጀመር ሳይነሳ ቀረ። ኮች ዋልት ከዳር ሆኖ ሱፉን እየቆረጠመ "ቤተሰቦችህ ቅጣት ይወዳሉ?" አለኝ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ከአጠገባቸው የነበረች የአንዷ ልጅ "እትዬ ጸዳለ፣ ኖ፣ ላይክ... ባድ ነው፣ ቅጣት ነው" ብላ እማዬን ልታስረዳት ሞክራ ነበር። እማዬም መልስ አላጣችም። "ልጄን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጠርተውት እኔ ዝም ልበል? ቅጣቱን እነሱ ይቁጠሩ" አለቻት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቴሌቪዥን ቀረጻቸው፣ ሕዝቡ ወደደው። ከዚያ ወዲያ በእኔ ላይ ጨርቅ በወደቀ ቁጥር ሜዳው ሙሉ፣ ላሙንም ፈረሱንም የሚያረባው የአልበርታ ገበሬ ሳይቀር፣ እልል ለማለት መንጫጫት ጀመረ። ጓደኞቼ በሳቅ ይሞታሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ውስጥ ውስጡን እጄን ፈራሁት። ያዝኩ አልያዝኩ እያልኩ መዳፌን ቶሎ መልቀቅ ጀመርኩ።

ኳርተርባካችን ያኔ ኮዲ ነበር። ከኦክላሆማ የመጣ፣ ሰው አክባሪ፣ ቀጭን ልጅ፤ መሀል ከተማ፣ ቤልትላይን በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። መስከረም መጨረሻ ላይ በዝናብ ስንጫወት አንድ ፈጣን ሰው በእኔ በኩል መጣ። ደረቱን አገኘሁት፣ በትክክል አገኘሁት። ከዚያ ልክ ሲታጠፍ፣ መያዝ ባለብኝ ሰዓት፣ እጄን ከፈትኩ። ሰውዬው አለፈኝ። ኮዲ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ክንዱን አንስቶ፣ ሩቅ ሩቅ እያየ ነበር። ድምፁን ሰማሁት። ስዞር መሬት ላይ ነው፣ ትከሻውና አንገቱ መካከል ያለው አጥንት ተሰብሯል። ያን ቀን ቁጥሬን ማንም አልጠራም፤ ሰው ማሳለፍ በደንቡ ቅጣት የለውም።

በማግስቱ ኮች ዋልት ኮፍያውን አላወለቀም። ፊልሙን አንድ ጊዜ ብቻ አሳየን። "ልጁ ቆሟል?" አለ። ራሱ "አልቆመም" አለና አጠፋው። ሌሎቹ ሲወጡ እኔን አስቀረኝ።

"እጅህን ምን ነካው?"

ነገርኩት። እልልታውን፣ ሳቁን፣ ፍርሃቴን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። "ስማ ብሩክ፣ ጨርቅ ቢወድቅብህ አሥር ያርድ ነው የምናጣው። ያን ልጅ ካጣን ግን አጥንት ነው። አሥሩን ያርድ እኔ እከፍልልሃለሁ" አለኝ። ከዚያ ሱፍ ዘገነልኝ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ የያዝኩት ምክር ይኼ ነው።

ኮዲን ግን ማየት አልቻልኩም። ቢያገግምስ ዳግመኛ ጀርባውን ይሰጠኛል ወይ? የሚያስጨንቀኝ ይህ ነበር። ኳርተርባክ አንዴ ዞሮ ማየት ከጀመረ አልቆለታል፣ የእሱ ካለቀ የእኔም ያልቃል። እሑድ እማዬ ዘንድ ስሄድ በር ላይ ያዘችኝ።

"ልጁን ጠየቅከው?"

"ቴክስት አደረግኩለት።"

"ቴክስት?" አለች። ስልኳን አንስታ ጋሽ ኪዳኔ ዘንድ ደወለች።

ጋሽ ኪዳኔ ጎረቤታችን ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፣ የተማሩት በአማርኛ ነው፤ አማርኛቸው ከእኛ ቤት ሁሉ ይበልጣል። ሁለት ሰው የተጣላ እንደሆነ፣ ባልና ሚስት የተኳረፉ እንደሆነ ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ውስጥ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አባቴ መንገድ ላይ ስለነበር ነገሩን እሳቸው ያዙት። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኪዳኔ፣ ሌሎች ሁለት የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ እማዬ ፔርሙዝ ታቅፋ፣ እኔም ከኋላ፣ ወንዶቹ ሁላችንም በከረባት፣ የኮዲን አፓርትመንት ደወል ደወልን። በስክሪኑ ሲያየን ግብር ሰብሳቢዎች የመጣንበት መስሎት እንደነበር በኋላ ነግሮኛል።

ክንዱ ታስሮ በሩን ከፈተ። ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም አሉ። ጋሽ ኪዳኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ንግግር ጀመሩ፣ እኔን ደግሞ አስተርጉም አሉኝ። እስቲ አስቡት፣ ተከሳሹም አስተርጓሚውም እኔ ነኝ። እሳቸው በሰፊው፣ ጀርባውን አምኖ የሰጠህን ሰው አሳልፎ መስጠት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሲዘረዝሩ እኔ "በጣም አዝኗል ይላሉ" አልኩት።

ጋሽ ኪዳኔ ገልመጥ አድርገው አዩኝና "አሳጠርከው" አሉ። ለካ እንግሊዝኛውን ከእኔ እኩል ይሰማሉ። ሁሉንም እንደገና አስባሉኝ።

ኮዲ ግራ ገብቶት "ኧረ ችግር የለም፣ ፉትቦል ነው፣ ያጋጥማል" አለ።

"ማጋጠሙንማ እናውቃለን" አሉ ጋሽ ኪዳኔ። "እኛ የመጣነው ያጋጥማል እንድትለን አይደለም። በልብህ ያለውን እንድትነግረንና ከዚያ ይቅር እንድትለው ነው። ብሩክ፣ ድንጋይ አንሳ።"

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፣ የተበደለው ካላወረደለት አይነሳም። ቤልትላይን ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ ግን ድንጋይ ከየት ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ቤቱን ቃኙት። ጥግ ላይ የኮዲ የስፖርት ብረት ተቀምጧል፣ ያ እጀታ ያለው ከባዱ ድብልብል። "እሱ ይሆናል" አሉ ጋሽ ኪዳኔ። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ምንጣፉ ላይ ተንበረከክኩ። ተንበርክኬም ከእማዬ ጋር እኩል ነበርኩ።

ኮዲ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ የሽማግሌዎቹን ፊት ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ጋሽ ኪዳኔ በእንግሊዝኛ፣ በዝግታ፣ "በልብህ ምን አለ?" ብለው ጠየቁት። ምንም አለ። ደግመው ጠየቁት። ልጁ ቁጭ አለና "አልጋ ላይ ስተኛ እንኳን ጀርባዬን ከግድግዳ አስጠግቼ ነው የምተኛው" አለ። "ሜዳ ስመለስ ዞር እያልኩ ማየቴ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ይህን ለአሠልጣኞቹ አልነገርኩም።" እማዬ ቃሉን ባትሰማም ነገሩ ገብቷት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ኮዲ ተነሳና በጤነኛ እጁ ብረቱን ከትከሻዬ አወረደው። ምን ልበል ብሎ ጋሽ ኪዳኔን ጠየቃቸው፤ "ይቅር ብያለሁ" አስባሉት። አንድ አሥር ጊዜ ያህል ተሰነካክሎ አለው። እሱ ሲጨርስ እማዬ ፔርሙዙን ከፈተች። አጥሚት ነው። የሰባራ አጥንት መድኃኒት ነው ብላ አንድ ትልቅ ኩባያ ሞልታ ሰጠችውና አፉ ላይ ቆማ አስጨረሰችው። እንዴት ግሩም ነው፣ ምንድን ነው አለኝ። ጋሽ ኪዳኔ ቀደም ብለው በአማርኛ "ለአራስ እንደሚሰጥ እንዳትነግረው" አሉኝ። እስካሁን አልነገርኩትም።

ቀጣዩ ዓመት ሲጀመር ኮዲ ተመለሰ። መጀመሪያ ሰሞን ይዞር ነበር፣ ሐሰት አልናገርም። እኔ ከፊቱ ስለሆንኩ አላየውም፤ ፊልሙ ላይ ነው ያየነው። ኮች ዋልት ለእኛ ሲል አዲስ ጥያቄ ጨመረ። "ልጁ ቆሟል?" ቆሟል። "ዞሯል?" ዞሯል። "ቀጥሉ።" እኔ በበኩሌ መያዝ ያለብኝን ሁሉ ያዝኩ። ጨርቅ ወደቀብኝ፣ እልል ተባለልኝ፣ አሥር ያርድ አጣን፣ ልጁ ቆመ። ኮዲም ከሽማግሌዎቹ የተማራትን ቃል ከመሰለፋችን በፊት ጀርባዬን መታ እያደረገ "አይዞህ" ይለኝ ጀመር። ማን ማንን ማጽናናት እንዳለበት ይገርመኝ ነበር። ሌበር ደይ ሲደርስ ኮች ዋልት በዚያው ኮፍያው ኳሱን ጋርዶ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አሳየን። "ዞሯል?" አለ። አልዞረም አልን። "አንዴም?" አንዴም። ከኪሱ ሱፍ አወጣና ለእያንዳንዳችን እየዞረ አደለን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የደስታ ዓመታት ናቸው። ፍልሰታ የሚውለው ሲዝኑ እኩሌታ ላይ ነው፤ እኔ እጾማለሁ፣ ሥጋና ወተት የለም፣ ክብደት ደግሞ መቀነስ ክልክል ነው። ኮች ዋልት በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ ሚዛን አጠገብ እየተንጎራደደ ይጨነቃል። እማዬ መፍትሔ አላት። ተልባው፣ ሱፉ፣ ሽምብራው፣ ሽሮው ሌላ፤ እኔ በጾም ኪሎ ጨምሬ የምወጣ ሰው ሆንኩ። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ አምስታችንም ኮዲም ፓይንሪጅ መምጣት ለመድን። የመጀመሪያ ቀን ሦስታችን አንድ ሶፋ ላይ ተቀመጥንና ሶፋው ወገቡ ተቆረጠ፤ ያ በልጅነቴ መንገድ ያሻገርኩት ሶፋ ነው። እማዬ እንዲያውም ደስ አላት፣ ድሮም ልትጥለው ትፈልግ ነበር። ኮዲን ከራሷ አጠገብ አስቀምጣ ታጎርሰዋለች። "ኮዲዬ፣ ይኼ ትከሻህ ገና ነው" ትለዋለች፣ በአማርኛ። እሱም "እሺ እማዬ" ይላታል።

ኳሱን በተመለከተ ግን አልተወችም። ማለትም እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጥያቄው እየራቀ መጣ እንጂ የቀረ አልመሰለኝም። ኮች ዋልት ጡረታ ወጥቶ ሜዲስን ሃት ወደምትባል ከተማ ሲሄድ፣ እኔም ጉልበቴ እያበጠ ሲመጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ኳስ ይዤ ብታየኝ የሚል ምኞት ነበረኝ። ለራሴ አይደለም። ልጇ ተበድሎ ወጣ እንዳትል ነው።

የመጨረሻው ጨዋታዬ የባለፈው ጥቅምት ነው፣ በረዶ እየጣለ። እናቶቹ ረድፋቸውን ይዘዋል፣ ጋሽ ኪዳኔም ብርድ ልብስ ደርበው መጥተዋል፣ አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ትራኩን አቁሞ ገብቷል። መጨረሻው ሲቃረብ በአንድ ነጥብ እየመራን፣ በእኔ ሳይሆን በቀኝ በኩል አንድ ሰው ሰብሮ ገባና ኮዲን ሲመታው ኳሱ ከእጁ አመለጠ። በረዶው ላይ ሁለቴ ነጥሮ እግሬ ሥር መጣ። ኳስ መሬት ላይ ካየህ ተኛበት ብሎናል ኮች ዋልት። ተኛሁበት። ስንት ሰው ላዬ ላይ እንደወጣ አላውቅም፤ ሆዴ ሥር ግን ያ ኳስ ነበረ፣ ቀዝቃዛ፣ ከገመትኩት ያነሰ። ዳኛው ኳሱ የእኛ እንደሆነ በእጁ አሳየ። ድምፅ ማጉያው "ኳሱን የያዘው ቁጥር ስልሳ ስድስት" አለ። ሜዳው በሙሉ እልል አለ፣ በዚያን ቀን እንኳን በትክክለኛው ሰዓት። አሸነፍን።

ልብሴን ቀይሬ እያነከስኩ ወደ ፓርኪንጉ ስወጣ ሁሉም መኪናው አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል። አባቴ አቀፈኝ። እማዬ ዘንድ ሄድኩና እንደ ልጅ "አየሽኝ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ኳሱን ያዝኩት እኮ፣ እማዬ። በመጨረሻ ያዝኩት። ቁጥሬን ጠርተው አልሰማሽም?"

"የምን ኳስ ነው የምትለኝ?" አለች። በረዶው ሽፋሽፍቷ ላይ ነበር፣ ዓይኗ ግን እኔን አልፎ በሩን በሩን ነው የሚያየው። "እኔ ኳስ ካየሁ ስንት ዓመቴ። ኮዲ ሲወድቅ አይቼ እሱን ነበር የምጠብቀው። ሰው መሐል ገብታችሁበት አልታይ አለኝ። ተነሳ ወይ? ልጁ ቆሟል?"

ቆሟል አልኳት። ኮዲ ከኋላዬ እየመጣ ነበር፣ በሁለት እግሩ።